ጉዳዩ፦ በፈረስ ስለ መቅናቴ

ለተከበሩ ጓድ አብተው
ለአብዮቱ አሥረኛ ዓመት በዓል የተከፈተው የከተማችን ሙዚየም አዘጋጅ ኮሚቴ ሊቀ መንበር
ናዝሬት

በቅድሚያ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ ጤናዎ የተሟላ፣ ቢሮዎም በዚህ በናዝሬት ሙቀት ነፋሻ እንዲሆንልዎ ከልብ እመኛለሁ። ይህን ደብዳቤ በቀበሌያችን ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ የለጠፍኩት ማንንም ለመንቀፍ ሳይሆን፣ ዘወትር በውይይት ክበብ እንደሚያስተምሩን ግለሂስ ለማድረግ ነው። ጓድ ሊቀ መንበር፣ ቀንቻለሁ። ቅናት የንዑስ ከበርቴ ጠባይ መሆኑን ባውቅም፣ ሙዚየምዎን ከጎበኘሁ ወዲህ ልተወው አልቻልኩም። ለሂስ እንዲመች በተራ ቁጥር አቀርበዋለሁ።

፩. በመጀመሪያ የቀናሁት ስለ ባርነት በሚያሳየው ክፍል በቆመው የጀሶ ሰው ነው። መብራት በርቶለታል፤ የተሳፈረበት ወደብ፣ የጫነው መርከብ፣ የወረደበት አገር ሁሉ ተጽፎለታል። አስጎብኚያችሁ ይህ የኢምፔሪያሊስቶች ግፍ መሆኑን፣ በአገራችን በየጌታው ቤት የነበሩት ግን እንደ ቤተሰብ ይታዩ እንደነበር ሲያስረዱ፣ አያቴ ክንዴን ተደግፋ ትሰማ ነበር። እሷ በልጅነቷ ተሰርቃ ከጊቤ ማዶ እስከ ሸዋ የተነዳችው በእግሯ ነው። መርከብ ያልተሳፈረ ሰው ባሪያ እንደማይባል በዚህ ዕድሜዋ ስላስተማራችኋት እጅግ እናመሰግናለን።

፪. ቀጥሎ የቀናሁት በፊታውራሪ ተክለሃይማኖት ነው። የፊውዳሎች ዘመን በሚለው ክፍል ከተሰቀለው ትልቅ ፎቶግራፍ ሥር «በዝባዡ» ተብለው በስማቸው ተረግመዋል። በስም መረገምም ዕድል መሆኑን ያወቅሁት ያን ቀን ነው። ከእሳቸው ቀጥሎ ባለቤታቸው ወይዘሮ ሮማነወርቅ፣ ልጃቸው ሰብስቤ፣ ከዚያም ፈረሳቸው ጉራች ተጽፈዋል። የፈረሱን ልጓም ይዛ የቆመችው ልጅ አያቴ ናት። ከሥሯ «ጭቁን ሴት» ይላል።

፫. ፈረሱ። እዚህ ላይ ምንም አልደብቅም፤ ቅናቱ አንገበገበኝ። የአያቴ ስም እንዲጻፍ ባመለከትኩ ጊዜ፣ የግለሰብ ስም ግለኝነትን እንደሚያስፋፋና እሷም ሰፊውን ሕዝብ እንደምትወክል ኮሚቴው በትሕትና ገልጾልኛል። ጉራች ሰፊውን የፈረስ ወገን እንዳይወክል ምን እንደከለከለው ግን አልተገለጸልኝም። ደግሜ ስጠይቅ፣ ልጅቷ በእርግጥ አያቴ ስለመሆኗ በዚያ ቤት የነበረ ሰው እንዲመሰክርልኝ ታዘዝኩ። ፊታውራሪውና ወይዘሮዋ ሞተዋል፤ ሰብስቤ የት እንደገባ የሚያውቅ የለም። ፈረሱን እንዳልጠራ ደግሞ እሱም ከሞተ ቆይቷል።

ዋናውን ምስጋናዬን ለመጨረሻ አቆይቼዋለሁ። ባለፈው ሰኔ ሁለት የኮሚቴው አባላት አያቴ እስከምትኖርበት እስከ ዓለም ጤና ከተማ ድረስ መጥተው ይህንኑ ፎቶግራፍ ለእሷ ማሳየታቸውን አይዘነጉትም ብዬ አምናለሁ፤ ሰዎቹን ለይቶ የሚነግራቸው ሌላ ሰው ስላላገኙ ነበር። እሷም ጣቷን ከግራ ወደ ቀኝ እያስኬደች ጌታዋን፣ እመቤቷን፣ ልጃቸውን በየስማቸው ጠራች። ፈረሱ ጋ ስትደርስ ጸሐፊያችሁ ስሙን ሁለት ጊዜ አስደግመው መዘገቡ። ጣቷ ልጓም ወደ ያዘችው ልጅ ሲያልፍ ግን መኪናው ይጠብቅ ስለነበር ደብተሩ ተዘጋ። አያቴ ስለ ቸኮሉ ነው፣ ተመልሰው ይጠይቁኛል ብላ ሦስት ወር ሙሉ ጠበቀቻችሁ። እንግዲህ ጓድ ሊቀ መንበር፣ ስለ ፈረስ ስትናገር የታመነች ሴት ስለ ራሷ ስትናገር ምስክር የምትጠየቀው ለምንድን ነው?

ለፈረሶች ላሳያችሁት የላቀ አክብሮት ምስጋናዬን እያደስኩ፣ ከእነሱ ተርፎ ለእኛ የሚደርስበትን ቀን በትዕግሥት የምጠብቅ፣ በቅናቴ የማፍር ነገር ግን ያልተውኩ፣

አክባሪዎ
መሰለች ጉተማ
ጥቅምት ፲፱፻፸፯ ዓ.ም.

ድኅረ ጽሑፍ፦ በጌታዋ ቤት አበዛሽ ይሏት ነበር፤ እናቷ ያወጣችላት ስም ጉዲቱ ነውና እሱን ጻፉልኝ ብላለች። ሥራ እንዳላበዛባችሁ ከፎቶግራፉ ሥር የሚለጠፈውን የስሟን ካርድ ራሴ ጽፌ ከነእስፒሉ ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዣለሁ። የፈረሱን ካርድ በክር ለክቼ በልኩ ነው የቆረጥኩት፤ አያቴ ከፈረሱ እንዳትበልጥ ተጠንቅቄያለሁ።