በወንድሜ ስም የተከተበ ክንድ

ለተከበሩ የአረንጓዴ በር የተጓዦች ክትባት ጣቢያ ኃላፊ
መተማ ዮሐንስ

ጉዳዩ፦ በሕይወት የሌለው ወንድሜ ከተከታቢዎች መዝገብ እንዲሰረዝልኝ በአደባባይ ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን እጠይቃለሁ። የቆላው ሙቀት እንዳያደክምዎ፣ ትንኙ እንዳይደፍርዎ፣ በጠረጴዛዎ ላይ የምትዞረው ማራገቢያም መብራት በጠፋ ቁጥር እንዳታሳፍርዎ ከልብ እመኛለሁ። ጤና ጠባቂው ጤና ካጣ እኛ ከማን እናገኛለን?

እኔ ዙፋን አገኘሁ እባላለሁ። ከፍርድ ቤቱ ፊት ለፊት፣ ከኒሙ ዛፍ ሥር፣ በሰሊጥ ጆንያ በተከለለች ዳስ ተቀምጬ ለሰው ማመልከቻ እየጻፍኩ የምተዳደር ሴት ነኝ። ወደ ጣቢያዎ ከሚገቡት ማመልከቻዎች ግማሾቹ የእኔ የእጅ ጽሑፍ መሆናቸውን ሳያውቁት አይቀሩም። ሥራዬ በሌላ ሰው ስም መናገር ነው። ባልቴቷ ስትከሰስ ባልቴት እሆናለሁ፤ ሹፌሩ መንጃ ፈቃዱን ሲነጠቅ ሹፌር እሆናለሁ፤ ከደጋ ለአጨዳ የወረደ ሳሉግ የምንለው የቀን ሠራተኛ መታወቂያው ሲጠፋበት “እኔ አመልካች” ብዬ እጀምርለታለሁ። ዛሬ ግን በሃያ ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ “እኔ አመልካች” ስል እኔው ራሴ ነኝ። ስለዚህ ጽሑፌ ከወትሮው ቢንጋደድ ይቅርታዎን እለምናለሁ።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ እንዲሉ፣ ምስጋናዬንና አቤቱታዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

1. ስለ ብልቃጡ

የቢጫ ወባ ክትባት ያለበት አንድ ብልቃጥ ለአሥር ሰው እንደሚበቃ፣ አንዴ ከተበጠበጠም በሰዓታት ውስጥ ካላለቀ እንደሚደፋ ጣቢያዎ በሚገባ አስተምሮናል። አሥር ሰው ሳይሞላ ብልቃጥ እንዳይከፈት ያወጡትንም ደንብ በአድናቆት ተቀብለነዋል። ዘጠኝ ሰው ማክሰኞ መጥቶ ይመለሳል፤ ዓርብ መጥቶ ይመለሳል፤ መኪናው ይሄዳል፣ ሥራው ለሌላ ይሰጣል። የአገራችን ሰው መቼም መላ አያጣምና “አሥረኛ” የሚባል ሰው ፈጠረ። አሥረኛ ማለት የትም የማይሄድ፣ ብልቃጡ እንዲከፈት ብቻ ክንዱን የሚያውስ ሰው ነው። ሦስት ጊዜ የተከተበ ጎረቤት አለኝ፤ ቢጫ ወባ ራሱ እርሱን ሳይፈራው አይቀርም። መድኃኒቱ እንዳይባክን ለተጨነቀው አእምሮዎ ምስጋናዬ ይድረስዎ። የሚባክነውን ሰው የሚመለከት አንቀጽ ግን በደንቡ ውስጥ ፈልጌ አላገኘሁም።

2. ስለ ስም ጥሪው

ወንድሜ ምንይችል አገኘሁ ኮኪት ላይ የትራክተር ሹፌር ነበር። በኅዳር 2014 ዓ.ም.፣ የሰሊጡ አጨዳ ሲያልቅ፣ ከሱዳኗ ገዳሪፍ ወዲያ የሁለት ቀን መንገድ ርቆ በሚገኝ እርሻ ሥራ አገኘ። ድንበር ለመሻገር የሚጠየቀውን የክትባት ካርድ ለማውጣት ስሙን አስመዝግቦ ሦስት ጊዜ መጥቶ ሦስቱንም ጊዜ ሰው ዘጠኝ ብቻ ሆኖ ተመልሷል። ሠራተኞቹን የሚወስደው መኪና ቅዳሜ ማለዳ ሊነሣ በዋዜማው ዓርብ የኮኪቱ እርሻ ባለቤት ትራክተሩን ሳታስረክብ አትሄድም ብሎ አስቀረው፤ እኔም ተራውን ልይዝለት ወደ በርዎ መጣሁ።

ዘጠኝ ሰዎች ነበሩ። ከእነርሱ አንዷ፣ ዘሀቢያ የምትባል ልጅ፣ እናቷ ገዳሪፍ ታማባት በሳምንቱ ውስጥ ሁለት ጊዜ ተመልሳለች። ስድስት ሰዓት ሲሆን አሥረኛ ካልተገኘ እስከ ማክሰኞ እንደሚዘጋ ተነገረን። ከዚያም እርስዎ ራስዎ መዝገቡን ገልጠው ስም መጥራት ጀመሩ። “ምንይችል አገኘሁ” ሲሉ ሁሉም ሰው ዞሮ እኔን አየ። ዘሀቢያ ዐይኗን ከእኔ ላይ አልነቀለችም።

“አቤት” አልኩ።

ክቡር ሆይ፣ እኔ ሴት ነኝ። ነጠላ ለብሼ ነበር፤ ሹሩባ ተሠርቼ ነበር። ምንይችል የወንድ ስም መሆኑን ደግሞ በዚህ አገር ሕፃን ያውቀዋል። እርስዎ ግን ከመዝገቡ ቀና አላሉም። ጾታ ከሚለው ፊት “ወንድ” ብለው ጻፉና “ግራ ክንድ” አሉኝ። በሃምሳ ዓመቴ እንዲህ ባለ ፍጥነት ወንድ ያደረገኝ መሥሪያ ቤት ሌላ የለም፤ ለቅልጥፍናዎ አመሰግናለሁ። ዘጠኙም ተወጉ፤ ሲወጡም ትከሻዬን እየሳሙ መረቁኝ። ውሸት የተናገርኩ አልመሰለኝም ነበር። በሰው ስም አቤት ማለት ለእኔ የዘወትር ሥራዬ ነው።

3. ስለ ቀኑ

ክትባቱ የሚሠራው ከተወጉ ከአሥር ቀን በኋላ መሆኑን ካርዱ ራሱ ይናገራል። እርስዎ ግን ደጋግመን ስለተመላለስን አዝነውልን ማኅተሙን አሥር ቀን ወደ ኋላ መልሰው መቱልን። ጊዜን ወደ ኋላ መመለስ ሌላ ሰው ሲሳነው ያየሁት ስለሆነ ይህን ውለታ እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

ማታ ምንይችል አቧራ ለብሶ ከኮኪት ደረሰ። እኔ ያን ጊዜ ክትባቱ አተኩሶኝ ተኝቼ ነበር። ካርዱን ስሰጠው ሳቀ፤ “ክንዱ ያንቺ፣ መንገዱ የኔ፤ እኩል ተካፈልን” አለኝ። እስከ ማክሰኞ ድረስ ቆይቶ ራሱ እንዲወጋ ነገርኩት። ካርድ ከተያዘ ምን ቀረ፣ መኪናውስ ይጠብቀኛል ወይ አለ። አንድ ጊዜ ብቻ ነው የነገርኩት። ደግሜ አልነገርኩትም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እኔ አፈሰስኩ፣ መልቀም ግን አልቻልኩም።

4. ስለ ካርዱ

በጥር ወር ደረበ የሚባል የሥራ ጓደኛው የወንድሜን ሻንጣ ይዞ መጣ። እንደነገረኝ ከሆነ ምንይችል አተኮሰው፣ አስመለሰው፣ በአራተኛው ቀን ዐይኑ ቢጫ ሆነ። እዚያ ያለው ሐኪም ካርድ አለህ ወይ ብሎ ጠየቀው። ምንይችልም ከኪሱ አውጥቶ ሰጠው። ሐኪሙ አገላብጦ አየውና ይህ ሰው ተከትቧል፣ ይህ ሌላ ነገር ነው ብሎ የወባ ክኒን ሰጥቶ ሸኘው። በዚያው ሰሞን የታመሙ፣ ካርድ ያልነበራቸው ሁለት ሠራተኞች ግን ደማቸው ተልኮ ቢጫ ወባ መሆኑ ታወቀ። ወንድሜ በሰባተኛው ቀን ሞተ። የተቀበረው እዚያው እርሻው ዳር ነው፤ ደረበ ቦታውን በጣቱ አፈር ላይ ስሎ አሳየኝ።

የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም፤ የእርስዎ ካርድም እንዲሁ ነው። በላብ እንዳይረጥብበት በፌስታል ጠቅልሎት ስለነበር አንድም ቦታ አልቆሸሸም። ዕድሜ ልክ ያገለግላል ይላል።

ሐኪሙ ዐውቆት ቢሆን ያተርፈው እንደነበር አላውቅም። በሽታውን የሚያድን መድኃኒት የለም፣ መከላከያው መርፌው ነው ይላሉ። መርፌው ደግሞ እዚህ ነው፤ በግራ ክንዴ ውስጥ። የእርሱን ጤና እኔ እየኖርኩበት ነው።

ከዚያ ወዲህ የሆንኩትን ልደብቅዎ አልችልም። በገበያው መንገድ ምንይችል የሚባል ባለ ባጃጅ አለ፤ ሰው ሲጠራው አቤት እላለሁ፣ ከዚያም ደንግጬ አፌን እይዛለሁ። ትንኝ ግራ ክንዴ ላይ ስታርፍ አላባርራትም። አያታለሁ፤ እዚህ ምንም አታገኚም፣ የእርሱ ነው እላታለሁ። ደንበኞቼ ለማን እንደማወራ እየጠየቁኝ አንዳንዶቹ ወደ ሌላ ጸሐፊ ሄደዋል። ባለፈው ክረምት አተኩሶኝ ጤና ጣቢያ ተኝቼ ሳለ ስምሽ ማነው ሲሉኝ የእርሱን ነገርኳቸው።

5. ስለ መልስዎ

ባለፈው ወር መጥቼ፣ ወንድሜ እንዳልተከተበ፣ የተከተብኩት እኔ እንደሆንኩ፣ መዝገቡም እንዲታረም በጽሑፍ አመለከትኩ። በሦስተኛው ቀን ከማኅተም ጋር የሰጡኝ መልስ በእጄ አለ፤ “ተከታቢው ራሱ በአካል ቀርቦ ካላመለከተ በስተቀር ስሙ አይሰረዝም” ይላል። ለጥንቃቄዎ አመሰግናለሁ። ይህች “በአካል” የምትባል ቃል በጣቢያዎ መኖሯን ያን ዓርብ ባውቅ ኖሮ ዛሬ አላስቸግርዎም ነበር።

ከበርዎ ላይም ማስታወቂያ አንብቤአለሁ፤ ከዚህ ጣቢያ ተከትቦ ሄዶ በቢጫ ወባ የታመመ አንድም ሰው የለም ይላል። እንደ መዝገብዎ እውነት ነው። ወንድሜ በእርስዎ ዘንድ ጤነኛ ነው፣ ገና ብዙ አገር ይዞራል። እርሱ ከዚያ መዝገብ እስካልተሰረዘ ድረስ ግን የአሥሩ ሰው ደንብ ማንንም አልጎዳም ማለት ነው። አሁን በማዶ ጦርነት ነው፤ ሰው ሸሽቶ ወደዚህ ይመጣል፣ ዘመዱን ሊፈልግ ደግሞ ተመልሶ ይሻገራል። በበርዎም ላይ እስከ ዛሬ የሚቆጠረው ያው አሥር ነው። የምለምንዎ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ስሙን ይሰርዙና ከጎኑ “አልተከተበም፣ ሞቷል” ብለው ይጻፉ። ከዚያ በኋላ ለአምስት ሰውም ቢሆን ብልቃጥ ለመክፈት ምክንያት ያገኛሉ።

ጥፋቱን ሁሉ እርስዎን ላሸክም አልመጣሁም። አቤት ያልኩት እኔ ነኝ። ቀና ያላሉት እርስዎ ነዎት። በመዝገቡ ላይ ግን ሁለታችንም የለንም፤ ያለው እርሱ ብቻ ነው።

ጤናዎን፣ የማኅተምዎን ቀለምና የመዝገብዎን ንጽሕና ዘወትር የምመኝ፣ በእርስዎ ብዕር ወንድ የሆንኩ፣ በወንድሜ ክትባት በሕይወት ያለሁ ትሑት አመልካችዎ፣

ዙፋን አገኘሁ
ማመልከቻ ጸሐፊ፣ ከኒሙ ዛፍ ሥር

ግልባጭ፦ በዚያ ዓርብ አብረውኝ ለተወጉት ዘጠኝ ሰዎች፣ ባሉበት

ማሳሰቢያ፦ ለፊታችን ዓርብ በበርዎ ዘጠኝ ሰዎች መመዝገባቸውንና አሥረኛ ማጣታቸውን ሰምቻለሁ። ወንድሜ በአካል ይቅረብ ባሉት መሠረት እባክዎ ምንይችል አገኘሁ ብለው ይጥሩ። አቤት የሚል ድምፅ ይሰማሉ። በዚህኛው ጊዜ ግን ቀና ብለው ይዩ።