ስላልታጠቡት እጆቼ

ለተከበሩ የግብርና ጽሕፈት ቤታችን ኃላፊ፣

እንደምን ሰንብተዋል? ቤተሰብዎ፣ ሥራዎ፣ ጤናዎ ሁሉ ደህና ነው ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ። ወገብዎን አሞዎት እንደነበር ሰምቼ አዝኜ ነበር፤ ሐኪም ቤት ሄደው በመርፌ እንደተሻለዎት ሲነገረኝ ደግሞ ከልቤ ደስ ብሎኛል። በመዳፉ የሚፈውሰው አሰልጣኝዎ ከቢሮዎ ሁለት በር ብቻ አልፎ ተቀምጦ እያለ ያን ያህል መንገድ መሄድዎ ለሰው ላለማስቸገር ካለዎት ጨዋነት የመጣ መሆኑን ሁላችንም ተረድተናል።

እኔ ከማኅበሩ ቲማቲም አምራቾች አንዷ ነኝ። ትምህርት ቤት አልገባሁም፤ ፊደል የለየሁት ባለ ሱቁ ሚስማርና ሳሙና ከሚጠቀልልበት ወረቀት ላይ ስለሆነ፣ በአጻጻፌ ጉድለት ካገኙ በእሱ ይቁጠሩት። ደብዳቤውን በማኅበሩ ሰሌዳ ላይም የምለጥፈው እርስዎን ለማሳፈር ሳይሆን፣ ከዚህ በፊት የጻፍኳቸው ሁለቱ ቢሮዎ ከደረሱ በኋላ እግር አውጥተው ስለጠፉ ነው።

መሬቱን የማያደክም፣ ለልጅ ልጅ የሚተርፍ እርሻ እናርሳለን ብለው ሲሰበስቡን ደስ ብሎን ነበር። ፍግና ብስባሽ ይመጣል ብለን ስንጠብቅ የመጡልን ሁለት መዳፎች ናቸው። አሰልጣኙን እኛ ባለ መዳፉ እንለዋለን። ዓይናችንን ጨፍነን፣ እጃችንን ቅጠሉ ላይ አድርገን ከሰውነታችን ኃይል እንድናስተላልፍ አስተማረን። የታመመ ተክል ይዳሰሳል እንጂ አይነቀልም፣ ከታመመው ወደ ጤነኛው በዚያው እጅ ይታለፋል፣ ውሃ ኃይሉን ስለሚወስደው እስከ ማታ መታጠብ የለም አለን። ስለዚህ ትምህርት የሚከተሉትን ምስጋናዎች አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ቦቲ ጫማዋን አጥልቃ በየማሳው እየዞረች ቅጠል እየገለበጠች ታይ የነበረችውን የሰብል ባለሙያ የሥልጠናው ስም ጠሪ ስላደረጓት አመሰግናለሁ። ጫማዋ ከጭቃ ተገላግሏል።

ሁለተኛ፣ ከማሳው መግቢያ ላይ የነበረውን የእጅ መታጠቢያ በርሜል ለኃይላችን ደኅንነት ሲሉ ስላነሱልን አመሰግናለሁ። አሁን የጽሕፈት ቤቱ መኪና እንደሚታጠብበት አይቻለሁ፤ መኪናው የሚያጣው ኃይል እንደሌለ ተጠንቶ ይሆናል።

ሦስተኛው ስለ ምስክር ወረቀቴ ነው፤ እዚህ ላይ ምስጋናው ያንቀኛል። ባለፈው ወቅት የሙከራ መደቦች ሲጎበኙ የኔ ቲማቲም ብቻ አምሮ ስለተገኘ «ፈዋሽ እጅ» የሚል ወረቀት በማኅተም ሰጡኝ። በስሜ የተጻፈ ወረቀት ስቀበል በዕድሜዬ የመጀመሪያዬ ነበር። ሲጨብጡኝ ምን እንዳደረግሁ አልጠየቁኝም። ቢጠይቁኝ ኖሮ፣ ሳሙና በተጠቀለለበት ብጣሽ ወረቀት ላይ የቲማቲም ቅጠል ሲዥጎረጎርና ሲኮማተር ተክሉ ተነቅሎ ይቃጠል፣ እሱን የነካ እጅ በሳሙና ሳይታጠብ ሌላውን አይንካ የሚል አንብቤ፣ ጠዋት ሰው ሳይመጣ የታመመውን እየነቀልኩ፣ ከቤት ባመጣሁት ውሃ እየታጠብኩ፣ ባለ መዳፉ ብቅ ሲል ደግሞ ዓይኔን ጨፍኜ እቆም እንደነበር እነግርዎት ነበር። እነግርዎት ነበር ማለቴም ውሸት ነው። አልነግርዎትም ነበር። ወረቀቱን እንዳይወስዱብኝ እፈራ ነበር።

ከዚያ ሥልጠናውን ሊያዩ እንግዶች መጡና የታላቅ እህቴን ማሳ እንድፈውስ ታዘዝኩ። እናታችን ከሞተች ወዲህ ያሳደገችኝ እሷ ናት፤ እትዬ ነው የምላት። በማሳዋ ጥግ ሦስት የተዥጎረጎሩ ተክሎች ነበሩ፤ ለፎቶ ከነሱ ጀምሪ ተባልኩ፣ ጀመርኩ። ሦስት ቀን ሙሉ፣ መስመር በመስመር፣ ሳልታጠብ ዳሰስኩ። በእያንዳንዱ ተክል ላይ ያነበብኩት ይታወሰኝ ነበር። እትዬ ከኋላዬ እየተከተለች ለእንግዶቹ «እኔ ነኝ ያሳደግኋት» ትላቸዋለች።

በሦስተኛው ሳምንት ማሳው ተዥጎረጎረ። ጤነኛ ሆነው የቀሩት፣ ለፎቶ ስለማይመቹ እጄ ያልደረሰባቸው ሁለት መስመሮች ብቻ ናቸው።

አራተኛ፣ ስለ ፈጣን ውሳኔዎ አመሰግናለሁ። ሰብሉ የወደመው በማሳው ባለቤት ውስጥ በታመቀ ቁጣ መሆኑ ስለተረጋገጠ መሬቱ ከመጪው ወቅት ጀምሮ ለሌላ አባል ይተላለፋል የሚለው ደብዳቤዎ ደርሷል። እትዬ ማንበብ ስለማትችል እንደወትሮው ያነበብኩላት እኔ ነኝ። ወጥ ቤቷ በር ላይ ቆማ እስከ መጨረሻው አዳመጠችኝ። ትጮኻለች ብዬ ስጠብቅ ጥቂት አሰበችና፣ «እውነታቸውን ነው። ያን ሰሞን በጎረቤቴ በግኜ ነበር። አንቺ እንዲያ ስትለፊ እኔ አበላሸሁብሽ፤ ይቅር በይኝ» አለች።

«ምንም አይደል፣ እትዬ» አልኳት።

ክቡር ሆይ፣ ይቅር አልኳት። ጽሕፈት ቤትዎ በማኅተም የጻፈውን እኔ በአፌ አጸናሁት። ከዚያን ቀን ወዲህ ቁጣዋን ለማብረድ ጠዋት ጠዋት ባለ መዳፉ ያስተማረውን ትንፋሽ ስትለማመድ በአጥሩ በኩል አያታለሁ።

ስለዚህ ችግኝ ማዛወሪያው ሳይደርስ የእትዬ መሬት እንዲመለስላት በታላቅ ትሕትና እለምናለሁ። ከአንዳችን መሬት መውሰድ ግድ ከሆነ የኔ ይወሰድ፤ ጥፋተኛ ፍለጋ ሩቅ ሄደው እንዳይደክሙ ብዬ ነው። በሽታውን ከጥግ አንስቼ እስከ ጥግ ያደረስኩት እኔ ነኝ። እርስዎ ሳያውቁ አዘዙ፤ እኔ እያወቅሁ ታዘዝኩ።

እስከዚህ የጻፍኩትን ትናንት ጠዋት ለእትዬ አነበብኩላት። ስጨርስ «እጅሽን አሳይኝ» አለችኝ። ዘረጋሁላት፤ አገላብጣ አየችውና ወደ ሥራዋ ገባች። እስካሁን አላናገረችኝም። የትንፋሽ ልምምዱን ግን ዛሬ ጠዋት ትታዋለች።

በማኅተምዎ ፈዋሽ የተባልኩ፣ በሥራዬ በሽታ አመላላሽ የነበርኩ፣ የምስክር ወረቀትዎን ከዚህ ደብዳቤ ጋር በመርፌ ቁልፍ አያይዤ የመለስኩ፣ ጤናና ረጅም የሥራ ዘመን የምመኝልዎ፣

የማኅበሩ አባል (እስከ ውሳኔዎ ድረስ)

ማስታወሻ፦ ይህችን የምጨምረው ከጸሐፊዎ በተዋስኩት እስክሪብቶ ነው። ደብዳቤውን ላስገባ ስመጣ ከቢሮዎ በር አጠገብ ያለው የአበባ ተክል ጠውልጎ፣ አፈሩ ተሰነጣጥቆ አገኘሁት። ያን ሁሉ ባለሙያ አልፌ እጄን ማስገባቴ ድፍረት ቢሆንም አንድ ብርጭቆ ውሃ አጠጥቼዋለሁ። እስከ ነገ ቀና ካለ፣ ባለ መዳፉ ሪፖርቱ ውስጥ እንዳያስገባው አደራ።