የአባባ ጌንዞ ቢጫ ጨርቅ

ኩሮታኒ፣ ኖቬምበር 14

ለምወድሽ እናቴ፣ ኦሳካ

እንዴት ነሽ? የፋብሪካው ብርድ እንዴት ይዞሻል? እኔ ደህና ነኝ። በመንደራችን አሥራ አንድ ቤት ውስጥ በራሱ ጥርስ የሚያኝክ ሰው እኔ ብቻ ስለሆንኩ እንደ ልዕልት ነው የምኖረው።

ጎረቤታችን አባባ ጌንዞ ማረፋቸውን በስልክ ነግሬሻለሁ። አሟሟታቸውን ግን አልነገርኩሽም።

የመንደሩን ሕግ ታውቂዋለሽ፤ ጠዋት ቢጫ ጨርቅ በር ላይ ይሰቀላል፣ ማታ ይወርዳል። እስከ ሁለት ሰዓት ያልሰቀለ እንደሆነ "አለ ወይስ ሞተ?" ብለው ይመጡበታል። አባባ ጌንዞ ደግሞ እንቅልፋም ነበሩ። ባረፈዱ ቁጥር የመንደሩ ሊቀመንበር እትዬ ቶኩ ሦስት አሮጊት አስከትለው ይገቡና በውስጥ ሱሪ ያገኟቸዋል።

"እነዚህ ሴቶች ካልሞትኩ አያስተኙኝም!" ብለው ጮኹ አንድ ቀን።

"አንተ ሰነፍ፣" አለች አያቴ ከአጥሩ ማዶ፣ "ሞትም ሲመጣ ተኝተህ ነው የሚያገኝህ።"

"አንቺ እያለሽ ሞት ምን ያደርግልኛል!"

ሁለቱ በሩዝ ማሳ ውሃ ተጣልተው ሠላሳ ዓመት የተኳረፉ ናቸው፤ ኩርፊያቸው ግን በቀን ሦስቴ ያነጋግራቸዋል። ከዚያ ወዲህ አያቴ ጎህ ሲቀድ ወደ ጎመን ማሳዋ ስትወርድ በስውር የእሳቸውንም ጨርቅ ትሰቅልላቸው ጀመር። "በእርጅና እንቅልፍ ከየት ይገኛል፣ ይተኛ" ትላለች። ማታ እሳቸው ያወርዱታል። አንዳንዴም ያጠመዱትን ዓሣ በራችን ላይ ጥለው ይሸሻሉ።

ባለፈው ወር አንድ ማክሰኞ አያቴ እንደ ልማዷ ሰቀለችላቸው። ረቡዕ ስትሄድ ጨርቁ ተሰቅሎ አገኘችው። ሐሙስም እንደዚያው።

"ጉድ ነው! ጌንዞ ቀደመኝ" አለች።

"ፍቅር ይዟቸው ነዋ!" አልኳት። "በመስኮት አንቺን ለማየት ነው በማለዳ የሚነሱት።"

ፊቷ ቀልቶ በመጥረጊያ አባረረችኝ። ሆዳችንን እስኪያመን ሳቅን።

ዓርብ እትዬ ቶኩ የመንደሩን ማስታወቂያ ሊያደርሱ ገብተው አገኟቸው። መታጠቢያ ቤት ወድቀው ዳሌያቸው ተሰብሯል። ሐኪሙ እንዳለው የወደቁት ሰኞ ማታ ነው፤ እስከ ረቡዕ ድረስ በሕይወት ነበሩ።

"ጨርቁ ተሰቅሎ ነበር፣ እኛ ምን እናድርግ?" አሉ እትዬ ቶኩ ለቅሶው ላይ። ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። አያቴ ሻይ መቅዳቷን ቀጠለች። ማክሰኞ የሰቀለችው አያቴ መሆኗን፣ ከዚያ ወዲያም የሚያወርደው ጠፍቶ እዚያው መቆየቱን የምናውቀው እኔና እሷ ብቻ ነን፤ አሁን ደግሞ አንቺ።

ከዚያ ወዲህ ማሳ አትወርድም። ሩዟን ሁለት ጉርሻ ቀምሳ ትተወዋለች። የራሷንም ጨርቅ አትነካውም፤ ሰው መጥቶ እንዳይጠይቃት ስለምትፈራ እኔ እሰቅልላታለሁ። እሑድ እሑድ ስትደውዪ "አያቴ ደህና ናት፣ ማሳ ወርዳለች" የምልሽ ጊዜ፣ አጠገቤ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኝታለች።

ትናንት፣ "አንቺ ስትሄጂ በሩን ከውስጥ እቆልፋለሁ፤ ማንም አይምጣብኝ" አለችኝ።

"እዚህ ኦሳካ ትምህርት ቤት አስመዝግቤሻለሁ፣ ኤፕሪል ላይ ትመጫለሽ" ብለሽኛል። አልመጣም። ብትቆጪም አልመጣም። ይልቅ አንቺ ነይ፤ ለአዲስ ዓመት ሁለት ቀን ደርሶ ለመመለስ ግን አይደለም። ስትመጪ ምንም አትጠይቂያት፤ ዝም ብለሽ አጠገቧ ተኚ።

ዕድሜ ይስጥሽ ብዬ እንዳልመርቅሽ፣ ዕድሜ እዚህ ምን እንደሚመስል አይቻለሁ። ጤናና ሰው ይስጥሽ።

ልጅሽ ኮቶኔ