ባትሪው ለስንት ልጅ ይበቃል?

ሰኞ፣ ኅዳር 3

ጠዋት በላፕቶፔ የስድስት ልጆች ጆሮ መረመርኩ። በጆሮ ማዳመጫው ድምፅ ሲሰሙ እጅ ማውጣት ነው፣ ሌላ ሥራ የለባቸውም። አንዱ ግን ምንም ሳልልክለት እጁን አወጣ። "ምን ሰማህ?" "ሊመጣ ሲል ሰማሁት።" ሳቄን መያዝ አቃተኝ።

ከሰዓት ላፕቶፑ "አፕዴት ላድርግ?" ሲለኝ እሺ አልኩት። ምን አስቸኮለኝ? ተመልሶ ሲነሳ ሁሉም ደህና ነው፣ አንድ ነገር ብቻ ተበላሽቷል። ጥግ ላይ ስንት ዋት እንደሚበላ የሚነግረኝ ቁጥር ዜሮ ሆኗል። በርቶ፣ እየሠራ፣ ምንም አልበላሁም ይላል!

ለሌላ ሰው ያ ቁጥር ጌጥ ነው። እኔ ግን መብራት የሌለበት ትምህርት ቤት ስሄድ የምተማመነው በእሱ ነው። ዘጠኝ ካለ ባትሪው አምስት ሰዓት ይሄዳል። ለአንድ ልጅ አሥር ደቂቃ... ሠላሳ ልጅ። ዜሮ ሲለኝ ምን ብዬ ላስላ?

ማክሰኞ፣ ኅዳር 4

ከትናንት ወዲህ የላፕቶፑ ማራገቢያ አይቆምም። እፍፍፍ... ልጆቹ የትንኝ ያህል የቀጠነ ድምፅ እንዲለዩልኝ እፈልጋለሁ፣ እሱ አጠገባቸው ያናፋል። ቤት ይዤው መጣሁና የእናቴን ብርድ ልብስ አጥፌ ከታችም ከጎንም ጠቀለልኩት። ስክሪኑና ቁልፎቹ ብቻ ቀሩ። ድምፁ ጠፋ። በራሴ ኮራሁ።

እናቴ በር ላይ ቆማ ታየኛለች።

"ሕፃን እንኳ እንዲህ አይጠቀለልም። አፈንሽው እኮ!"

"እማዬ፣ ዕቃ ነው። አይተነፍስም።"

"ታዲያ እፍ እፍ የሚለው ምኑ ነው?"

ስለ ላፕቶፕ እሷ ምን ታውቃለች?

ረቡዕ፣ ኅዳር 5

ብርድ ልብሱን ቢሮ ወሰድኩት። ቻርጀሩን ነቅዬ ልጆች መመርመር ጀመርኩ። አሥራ ሁለተኛው ልጅ ላይ ድርግም! ሁለት ሰዓት እንኳ አልቆየም። ባትሪው ሞተ ማለት ነው? አፕዴቱ ገደለው?

ኃላፊዬ ጋ ገባሁ። የሚመጣው ማክሰኞ የምሄድበት ትምህርት ቤት መብራት የለውም። መኪናው እኔን አውርዶ ከክትባት ሠራተኞች ጋር ይቀጥላል፣ የሚመለሰው ሲመሽ ነው። ልጆቹ ሃያ ሰባት ናቸው። ሌላ ላፕቶፕ የለንም።

"አሥራ አንዱን መርምረሽ የቀሩትን ምን ልትያቸው ነው?" አለኝ። "እስከ ዓርብ ካልተስተካከለ ጉዞው ለከርሞ ይተላለፋል።"

ለከርሞ... የትምህርት ቤቱ መምህር የላከችልኝ ደብዳቤ ቦርሳዬ ውስጥ ነው። አንዲት ልጅ አለች፣ አንደኛ ክፍል ስትደግም ይኸው ሦስተኛ ዓመቷ። አባቷ "ዘንድሮም ካላለፈች አስወጣታለሁ" ብሏል። "ሰነፍ ናት ወይስ አትሰማም? ቁርጡን ንገሩኝ" ትላለች መምህሯ። ለከርሞ ብሄድ ልጅቷን የት አገኛታለሁ?

ሐሙስ፣ ኅዳር 6

ሦስት የኃይል መለኪያ ፕሮግራም ጫንኩ። አንዱ "አራት ሰዓት ቀርቷል" ይላል። ሌላው "አርባ ደቂቃ"። ሦስተኛው የጥያቄ ምልክት ብቻ። ሦስቱንም ከፍቼ ሳፈጥጥባቸው ዋልኩ። ማራገቢያው ባሰበት። ብርድ ልብሱን አጥብቄ ጠቀለልኩት። ምሳም አልበላሁም። ፈራሁ።

ዓርብ፣ ኅዳር 7

ተገላገልኩ!

ሠፈራችን ያለው ኮምፒውተር ጠጋኝ ጋ ወሰድኩት። ሰው ሁሉ "ቆይ ቆይ" እያለ ነው የሚጠራው፤ ሁለቱን ቃል ሳያስቀድም አይናገርም።

"ቆይ ቆይ... ባትሪሽ ደህና ነው። አፕዴቱ ነው። ድሮ ልኬቱን ማንኛውም ፕሮግራም ያነበው ነበር። አሁን ፈቃድ ካልሰጠሽው አይነግረውም፣ ዝም ብሎ ዜሮ ይላል።"

የይለፍ ቃሌን አስገባሁ። አንድ ሁለት ነገር ነካካ፣ ቁጥሩ ነቃ። ሃያ ሁለት! ክው አልኩ።

"ቆይ፣ እነዚህ ሦስቱ ምንድን ናቸው?"

"ኃይል የሚበላውን እንዲያሳዩኝ..."

"እህቴ፣ የሚበሉት እኮ እነሱ ናቸው! ሌባ እንዲጠብቁልሽ ሦስት ሌባ ቀጥረሻል።" ዘጋቸው። ቁጥሩ ወረደ፣ ወረደ... ዘጠኝ። ልስመው ምንም አልቀረኝም።

"እስቲ ሥራ ላይ እንደማደርገው ላድርገው" ብዬ ብርድ ልብሱን ከቦርሳዬ አወጣሁ። በጥንቃቄ ጠቀለልኩት። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ማራገቢያው ተነሳ፣ ቁጥሩም አሥራ አራት ገባ። ሰውዬው በርጩማው ላይ ቁጭ ብሎ እንባው እስኪመጣ ሳቀ።

"ልጆቹን እንዳይረብሽ ብዬ ነው!"

"ቆይ ቆይ... መጀመሪያ የጮኸው አፕዴቱ ከጀርባ ሥራውን እስኪጨርስ ነው፣ በአንድ ሁለት ቀን ራሱ ይተው ነበር። አንቺ ግን አየር የሚወጣበትን ደፍነሽዋል። በጋለ ቁጥር ይነፍሳል፣ በነፈሰ ቁጥር ባትሪ ይበላል።"

ገለጥኩት። ትንሽ ቆይቶ ራሱ ጸጥ አለ። ጸጥታ ፍለጋ ስንት ቀን ሳስጮኸው ከረምኩ!

ኃላፊዬ ጋ ደወልኩ። "ሂጂ" አለኝ። ቤት ገብቼ ለእናቴ ሁሉንም ነገርኳት። አልኩሽ አላለችም። "ብርድ ልብሴን" ብላ እጇን ዘረጋች።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 11

መኪና ውስጥ ሆኜ ነው የምጽፈው፣ ፊደሉ ይዘላል።

ቀኑን ሙሉ ዘጠኝ። ሃያ ስድስት ልጅ ጨረስኩ። ልጅቷ ግን የለችም። መምህሯ ሁለት ጊዜ ሰው ላከች። መኪናው ሊመጣ ትንሽ ሲቀረው አባቷ እጇን ይዞ እየጎተተ አመጣት። ባትሪዬን አየሁ፣ አሥራ ሦስት በመቶ። ባለፈው ሳምንት ቢሆን በጥድፊያ እጨርሳት ነበር። ዛሬ ግን ለአንድ ልጅ ከአራት በመቶ በላይ እንደማይበላ አውቃለሁ። አልተጣደፍኩም። ደግሜ መረመርኳት።

ግራ ጆሮዋ ምንም አይሰማም። ቀኙ የሚሰማው ጠንከር ያለ ድምፅ ብቻ ነው። በቀጭኑ ድምፅ ጊዜ አይን አይኔን ታየኛለች፣ እጇን ማውጣት ፈልጋ... አሳዘነችኝ።

"ሰነፍ አይደለችም" አልኩት አባቷን። "አትሰማም። መሣሪያ ሊደረግላት ይችላል፣ አስመዘግባታለሁ።"

"ስጠራት ዝም ስትለኝ... የናቀችኝ መስሎኝ..." አልጨረሰውም። በቀኟ በኩል ዞረ፣ በርከክ ብሎ ጆሮዋ ሥር ጠራት። ዘወር ብላ አየችው። ደግሞ ጠራት። ለምንም ነገር አልነበረም፣ ዝም ብሎ ነው የሚጠራት።

ሰኞ፣ ኅዳር 17

ጠዋት ላፕቶፑ "አዲስ አፕዴት አለ" አለኝ። ቆይ ቆይ፣ አልኩት።

ከሰዓት መምህሯ ደወለች። ልጅቷን የፊተኛው ወንበር ላይ፣ ቀኝ ጆሮዋ ወደ እሷ እንዲሆን አድርጋ አስቀምጣታለች። አባቷ በየጠዋቱ ራሱ ያመጣታል።

"ዛሬ እጇን አወጣች!"

"መልሱን አገኘችው?"

"ኧረ ተሳሳተች!" እየሳቀች ነው። "ጥያቄውን ግን ሰምታለች።"