አደራ በጀርመንኛ

ልጄ ሜላት፣ ጌታ ከፊትሽም ከኋላሽም ይሁን። ሰላም ነሽ ወይ? አያትሽ ጉልበቷን ያማታል እንጂ ደህና ናት። እኔ አባትሽ ሶዶ ውስጥ የሚያህለኝ የባጃጅ ሹፌር የለም፤ የቦዲቲን መንገድ ዓይኔን ጨፍኜ እነዳዋለሁ።

"ለምን ለሰው ሰጠኸኝ" ብለሽ የጻፍሽውን ቲቸር ሰገነት አነበበችልኝ። እኔ አልሰጠሁሽም። እናትሽ ስትሞት ገና ጡት ላይ ነበርሽ፤ እኔም ሃያ ዓመት አልሞላኝም ነበር። እኛ ጋ እንዲህ ሲሆን ልጅ አክስቱ ቤት ያድጋል፣ ግን የአባቱ ልጅ ነው። አባት በየዓመቱ ለጊፋታ፣ ለዘመን መለወጫችን፣ ጫማ ይዞለት ይሄዳል። ጀርመንም እንደ አክስት ቤት መስሎኝ የጉዲፈቻውን ወረቀት ፈረምኩ። አደራ ነው ያልኩት።

አደራን ሰገነት ወደ እንግሊዝኛ ስትተረጉመው ሦስት ጊዜ ሰረዘች። "እንግሊዝኛው ራሱ ይጎድለዋል። አሳዳጊዋ ደግሞ ወደ ጀርመንኛ ስትመልሰው ምን ብላ እንደምታነብላት በምን አውቃለሁ፣ ባዳቾ?" አለችኝ። መናኸሪያውን ሁሉ በአፌ የምረታ ሰውዬ "እንግዲያው ቃሉን ተዪው፣ ሌላ ነገር ጻፊልኝ" አልኳት።

አሳዳጊዎችሽን ጌታ ይባርካቸው፣ አንቺንም ለወግ ለማዕረግ ያብቃሽ። አንድ ነገር ብቻ ልለምንሽ። እግርሽን ወረቀት ላይ አድርጊና ዙሪያውን በእስክሪብቶ ሥለሽ ላኪልኝ። ለጊፋታ ጫማ እገዛልሻለሁ። እሱ አስተርጓሚ አይፈልግም።

አባትሽ ባዳቾ