ፈቲሀ በቴሌቪዥን ያየችው ቤት

ልጄ ረውዳ፣ የአላህ ሰላምና እዝነት ካለሽበት ቤይሩት ድረስ ይከተልሽ። እኛ ወልቂጤ አልሀምዱሊላህ አለን።

የጎረቤታችን የሀያቱ ልጅ ናጃህ ግን ደህና አይደለችም። ከዚያው አንቺ ካለሽበት አገር ወገቧ ተሰብሮ መጣች። አታት ሆስፒታል ተኝታ ከወጣች ወዲህ ደጅ የምትወጣው አባቷ ደግፏት ነው። ልንጠይቃት ሄደን፣ "በቀን ሦስት ቤት ያሠሩኝ ነበር፤ የፎቅ መስኮት ስወለውል ወደቅሁ" አለችን። እህትሽ ፈቲሀ ምን ብትላት ጥሩ ነው?

"ባክሽ አታካብጂ! በየማታው በቴሌቪዥን እናያቸው የለ እንዴ? የነሱ ሠራተኛ ሻይ በትሪ ከማቅረብ ሌላ ምን ሥራ አላት?"

የተቀመጠው ሰው ሁሉ ሳቀ። ናጃህ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ዲሹን ካስተከልሽልን ወዲህ እነዚያ በአማርኛ የሚያወሩ የውጭ ድራማዎች እህትሽን ወሰዱብኝ። አጠገቧ የተኛችውን ትታ እነሱን ታምናለች። እኔስ ብሆን፣ አንቺን ሳስብ ፊቴ የሚመጣው ያ ባለ አበባ ግቢ፣ ያ ሰፊ ሳሎን ነው። የገዛ ልጄን ኑሮ የማውቀው ከፊልም መሆኑ ያንገበግበኛል።

ፈቲሀ እዚያው ልትመጣ ፓስፖርት አውጥታለች። ትናንት ደላላው ቤት ድረስ መጥቶ፣ "እትዬ ሰፍያ፣ ምን ያስፈራዎታል? ቴሌቪዥን አያዩም እንዴ?" አለኝ።

የምትልኪልን ፎቶ ሁሉ የአሠሪዎችሽ ሶፋ ላይ የተነሣሽው ነው። እስቲ የኔ ልጅ፣ የምትተኚበትን ቦታ አንስተሽ ላኪልኝ። እኔስ ባላየው ይሻለኝ ነበር፤ ፈቲሀ ግን ትየው።

አላህ ከክፉ ይሰውርሽ።

እናትሽ ሰፍያ