ያጠረው የግራ እጅጌ

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ መጋቢት 9
ከአዳራሹ የልብስ ክፍል

ላንቺ፣

"ውዴ" ብዬ ጀምሬ ሰረዝኩት። ሦስት ዓመት ዝም ብሎ የኖረ ሰው ዛሬ ከየት አምጥቶ ነው "ውዴ" የሚለኝ ትያለሽ ብዬ ፈራሁ። "ባለቤቴ" ብዬም ሞከርኩ፤ እሱ ደግሞ ማመልከቻ መሰለኝ። ስለዚህ ላንቺ። ደህና ነሽ ወይ? እህትሽ ጋ ስደውል "ደህና ናት" ትልና ጆሮዬ ላይ ትዘጋዋለች። ከእሷ ቤት ከወጣሽ ወዲህ የት እንዳለሽ የሚነግረኝ ሰው ጠፋ። ልብስ ሰፊዋን እንኳ፣ ያን ያህል የምትዋደዱትን፣ ስንት ጊዜ ጠየቅኳት። መልሷ ሁልጊዜ "እኔ ምን አውቄ ጋሼ" ነው።

እኔ አለሁ። ደረቴ እንደ ድሮው ነው፣ ደረጃ ሲያይ ያኮርፋል። የምጽፍልሽ ግን ስለ ደረቴ አይደለም። እዚህ ከጀርባዬ ነገር እየተሸረበ ነው።

ሳቂ፣ ግድ የለም። እዚህም "መርማሪው" ነው የሚሉኝ፣ የማልሰማ መስሏቸው። ግን ስሚኝና ፍረጂ።

የጥንት ተውኔቶች ፌስቲቫላችን ሊከፈት አሥራ ሁለት ቀን ቀርቶታል። ዘንድሮ ሃያ ሦስተኛው ነው። መክፈቻው ያው የእኛው የሽማግሌው ንጉሥና የንግሥቲቱ ተውኔት ነው። ንጉሡ እኔ ነኝ፣ ንግሥቲቱ ካንቺ ወዲህ ፋርማሲስቷ ናት። ኮሚቴውም አንቺ ስትቀሪ አራት ነን፦ እኔ አዘጋጁ፣ መድረኩን የሚሠራው አናጺ፣ ልብስ ሰፊዋና ፋርማሲስቷ።

ሰኞ ለስብሰባ ስገባ ሦስቱ አፍ ላፍ ገጥመው ያወራሉ። ገና እግሬ ደፉን ሲረግጥ ፀጥ አሉ። አናጺው ብድግ ብሎ ጠረጴዛውን በሜትር መለካት ጀመረ። ከአሥር ዓመት በፊት በገዛ እጁ የሠራውን ጠረጴዛ!

"ስለ ምን እያወራችሁ ነበር?" አልኩት።

"ስለ አየሩ።"

"አየሩ ምን ሆነ?"

"ምንም አልሆነም" አለና መለካቱን ቀጠለ።

ማክሰኞ ደግሞ ልምምድ ላይ ፋርማሲስቷ ከሁለተኛው ገቢር አንድም መስመር አታውቅም። ይህች የስንቱን መድኃኒት መጠን በቃሏ የምትዘረዝር ሴት! "ልጄ፣ ሁለት ሳምንት ነው የቀረን" ስላት "ይደርሳል ጋሼ፣ አይጨነቁ" ብላ ስልኳን ታያለች። ምኑ ነው የሚደርሰው? ያኔ ገባኝ፣ ወይም የገባኝ መሰለኝ። ፌስቲቫሉ በእኔ እጅ እንዲበላሽ ይፈልጋሉ፣ ከዚያ ሌላ አዘጋጅ ሊያመጡ ነው። ደሜ ፈላ። ልብስ ሰፊዋን በሰው ሁሉ ፊት "በእኔ ቦታ ማንን ልታስቀምጡ ነው? ንገሪኝ!" ብዬ ጮህኩባት። መርፌዋን በጥርሷ እንደያዘች ትክ ብላ አየችኝና ወደ ሥራዋ ዞረች። አናጺው ብቻ "አንተ ሰው፣ አሁንም አልተውክም?" አለኝ።

ይህ ቃል ቤት ድረስ ተከተለኝ።

የዛሬ ሦስት ዓመትም እንዲሁ ነበርና። ስገባ ዝም አላችሁ፣ አንቺም ከመሃላቸው ነበርሽ። ከዚያ የንጉሡ ቃል ላይ የእርሳስ ስርዝሽን አገኘሁ፤ ሳትነግሪኝ እዚህ ግማሽ ገጽ፣ እዚያ ግማሽ ገጽ ቆርጠሻል። ሥራዬን ልትነጥቂኝ ነው አልኩ። በልምምድ መሃል፣ ተዋንያኑ ሁሉ እያዩ፣ "ንግሥትነቱ ይብቃሽ፣ ቦታውን ልቀቂ" አልኩሽ። ዘውዱን አውልቀሽ ወንበር ላይ አስቀመጥሽና ወጣሽ። የቆረጥሽው ሁሉ ትንፋሽ የሚያጥረኝ ቦታ መሆኑን ከአናጺው የሰማሁት ከሄድሽ ከወራት በኋላ ነው። "ሐኪሙ ስለ ደረቱ ያለውን ብነግረው መድረኩን ጭራሽ ይተዋል ብላ ፈርታ ነው" አለኝ። አፈርኩ። ማፈሬንም ለማንም አልተናገርኩም። አሁን የምለማመደው ባንቺ እርሳስ ነው፤ ከሰረዝሽው አንዱንም አልመለስኩም።

ትናንት ነው እንግዲህ ጉዱ። ወደ ልብስ ክፍሉ ስገባ ልብስ ሰፊዋ ማሽኑ ላይ የነበረውን የንግሥቲቱን ቀይ ቀሚስ በአሮጌ መጋረጃ ሸፈነችው። "ክር አልቆብኛል" ብላ ወጣች። ኮቴዋ እስኪርቅ ጠበቅሁ። መርማሪ አይደለሁ? ገለጥኩት።

አሠራሯን ታውቂዋለሽ። ተዋንያን የወገብ ልክ እየተያዩ ከተጣሉ ወዲህ ልብስ ላይ ስም አትጽፍም፤ ቁጥር ብቻ ብጣሽ ወረቀት ላይ ጽፋ በስፒል ታያይዛለች። አነበብኩት። የፋርማሲስቷ ልክ አይደለም። እሷ ረጅምና ቀጭን ናት፣ ይሄ አጠር ሞላ ላለ ሰው ነው። "ይኸው፣ ሌላ ሰው አምጥተዋል!" አልኩ። ወደ ታች ወረድኩ። የቀኝ እጅጌ ሃምሳ ስድስት፣ የግራ እጅጌ ሃምሳ ሦስት። እውነቱን ልንገርሽ፣ መጀመሪያ ደስ አለኝ። እጅ ከፍንጅ ያዝኳት፣ ይህን ሁሉ ዓመት ሰፍታ ሁለት እጅጌ ማስተካከል አቃታት ብዬ።

ከዚያ ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ።

በአራተኛው ፌስቲቫል፣ አናጺው ሳይቸነክር የተወው ደረጃ ላይ ወድቀሽ የተሰበረው ክንድሽ አጥሮ ነው የገጠመው። በዚህ አዳራሽ ግራ እጅጌዋ በሦስት ሴንቲ የሚያጥር አንዲት ሴት ብቻ ነበረች። የድሮ ልክ ይሆናል ብዬ ደግሞ ተጠራጠርኩ፤ እኔ ምኑን አልጠረጥርም? ወገቡን አየሁ። እሷ ስትለካሽ በየዓመቱ ቁጥሩን የምጽፈው እኔ ስለነበርኩ የድሮውን በቃሌ አውቀዋለሁ። አራት ሴንቲ ጨምረሻል። አንጀቴ ራሰ፤ ትበያለሽ ማለት ነው። ልኩም አዲስ ነው። "እኔ ምን አውቄ" የምትለኝ ሴት ሰሞኑን ሜትሯን ወገብሽ ላይ አዙራለች።

ቀሚሱን ሳልሸፍነው መጣችብኝ።

"ጋሼ፣ ምን ፈለጉ?"

"መርፌ።"

"መርፌ ለምን?"

"ቁልፌ ተበጥሶ።"

ሸሚዜን ከላይ እስከ ታች አየችው። አንድም የጎደለ ቁልፍ የለም። መቀሷን አንስታ አንዱን ደህና ቁልፍ ቆረጠችና መልሳ ሰፋችልኝ።

"ለማክሰኞው ይቅርታ" አልኳት።

"ይቅርታው ለእኔ ብቻ ነው?" አለችኝ፣ ክሩን በጥርሷ እየበጠሰች።

ሌሊቱን ሳወጣ ሳወርድ አደርኩ። በእኔ ቦታ ሊያስቀምጡሽ ነው ወይስ ከጎኔ? ለሁለቱም እሺ ብያለሁ። አዘጋጅነቱን ከፈለግሽው ያንቺ ነው፣ እኔ ወንበር እደረድራለሁ። ብቻ ነይ። የምፈራው የማክሰኞውን ጩኸቴን ሰምተሽ "ያው ነው፣ አልተለወጠም" ብለሽ እንዳትቀሪ ነው። እውነትም አልተለወጥኩም። ዛሬም ሁሉን እጠረጥራለሁ። አንቺን ግን ዳግመኛ አልጠረጥርም ብልሽ ታምኚኛለሽ? በጣም ናፍቀሽኛል። በሰው ፊት አዋረድኩሽ፣ ይቅርታም የምጠይቅሽ በሰው ፊት ነው። ቃሉን አጥንቼዋለሁ። አጭር ስለሆነ ትንፋሼ ይበቃዋል።

ማወቄን አትንገሪያቸው። ድካማቸውን ከንቱ አላደርግባቸውም። በበሩ ስትገቢ ክው እላለሁ፤ ይህን ያህል ትወና መቼም አያቅተኝም።

ክንድሽን ብርድ አይንካው። መንገዱ ይቅናሽ፣ ያለሽበት ቤት ይሙቅልሽ። ደረጃው ተቸንክሯል፣ እኔው ራሴ ሦስት ጊዜ ረግጬ አይቼዋለሁ። ቢሆንም ስትወጪ መደገፊያውን ያዢ፣ አናጺውን አትመኚው።

ሰው መርማሪ የሚለኝ፣
ያንቺው ሽማግሌ ንጉሥ

ይህን ደግሞ ልጨምር። ደብዳቤውን ፖስታ ውስጥ ከትቼ ለልብስ ሰፊዋ "ይሄን ላኪልኝ" ብዬ ሰጠኋት። ፖስታው ላይ ሆን ብዬ አንድ ፊደል አልጻፍኩም። ገልበጥ አድርጋ አየችው፤ "እሺ ጋሼ" ብላ ቦርሳዋ ውስጥ፣ ከሜትሯ አጠገብ ከተተችው። "ቆይ፣ አንድ ነገር ረሳሁ" ብዬ መልሼ ተቀበልኳትና አሁን ቆሜ እየጻፍኩ ነው። እሷ በሩ ላይ ሆና "ቶሎ ይበሉ ጋሼ፣ አውቶቡሱ ያመልጠኛል" ትለኛለች። ለማን እንደሆነ አልጠየቀችኝም። የት እንደምታደርሰውም አልጠየቀችኝም።